‹‹ቮልት ፋስ›› — ከየት ወደ የት?



በእንግሊዝኛ መጽሔቶችና መጻሕፍት ውስጥ አልፎ አልፎ ብቅ እያለ ብዙዎቻችንን የሚያደናግር አንድ ቃል አለ። ይኸውም ‹‹ቮልት ፋስ›› የተባለው ነው። እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ ከምናገኛቸው መልሶች ውስጥ ‹‹መገልበጥ››፣ ‹‹መዞር››፣ ‹‹መካድ››፣ ‹‹መቀየር›› የሚሉት ይበዛሉ። ሁሉም ወደ ቃሉ ጠጋ ይላሉ እንጂ አንዳቸውም ልክ አይመጡም። በዚህ ጽሑፋችን ቃሉን ከነዘመዶቹ አቅርበን፣ በአማርኛችን ምን ብንለው እንደሚሻል፣ በየትኛውም ቦታ ቢነገር እንደሚያሳስት ለማስረዳት እንሞክራለን።

የአንድ ቃል ነገር ምን ያህል ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ እንዲህ አናየውም። ከመካከላችን ወደ ላስታ ደጋ፣ ወደ ኩልመስክና አካባቢው ገጠር ተመድቦ የሚሄድ ሰው መዝገበ ቃላት ይዞ የሚጠብቀው ተማሪ ብዙ አያገኝም። እዚያ መዝገበ ቃላቱ መምህሩ ራሱ ነው። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የእኩል ይሆናል ምልክት አስገብቶ ‹‹ይህ ማለት ይህ ነው›› ብሎ የጻፈውን ተማሪው ወደ ደብተሩ ይገለብጣል፤ ያንኑ ደብተር በዓመቱ ለታናሽ እኅቱ ያወርሳል። የተጣመመ ትርጉም እንዲህ እየሆነ ነው ከአንድ ክፍል ተነሥቶ አንድ ቀበሌ የሚያዳርሰው። (‹‹ይገለብጣል›› ያልነውን ልብ በሉልን፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።)

ከትውልዱ እንጀምር። ‹‹ቮልት ፋስ››ን እንግሊዞች ከፈረንሳዮች ወሰዱት፤ ፈረንሳዮች ደግሞ ከጣሊያኖች። በጣሊያንኛ ‹‹ቮልታሬ›› ማዞር ነው፤ ‹‹ፋቻ›› ደግሞ ፊት። ቃሉ እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ሲሆን የፈረንሳይኛ ድምፁን እንደያዘ ቀርቷል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የቃሉ ሁለተኛ ክፍል የሚጻፈው በኤፍ፣ በኤ፣ በሲና በኢ ነው፤ ማለትም ሁላችንም ‹‹ፌስ›› ብለን በምናነበው፣ ፊት ማለት በሆነው በዚያው በተለመደው ቃል ፊደላት። እዚህ ግን ‹‹ፋስ›› እንጂ ‹‹ፌስ›› አይባልም። የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ያለችው ኢም አትነበብም። ስለዚህ ‹‹ቮልቴ ፌስ›› ብሎ የሚያነብ ሰው ፊደሉን ተከትሎ ነው የሳተው፤ አይፈረድበትም። ከኤሌክትሪኩ ‹‹ቮልት›› ጋርም ዝምድና የለውም። ያኛው ስሙን ያገኘው ከጣሊያናዊው ሊቅ ከአሌሳንድሮ ቮልታ (1745–1827 እ.ኤ.አ.) ሲሆን ሲጻፍም መጨረሻው ላይ ኢ የለበትም።

ትርጉሙስ? አንድ ሰው፣ መንግሥት ወይም ድርጅት በአንድ ጉዳይ ላይ በግልጽ የታወቀ አቋም ኖሮት፣ ያንን አቋም ትቶ የዚያኑ ተቃራኒ ሲይዝ ያደረገው ነገር ‹‹ቮልት ፋስ›› ይባላል። በዚህ ውስጥ ሁለት ጫፎች እንዳሉ ልብ እንበል፤ የተነሣበትና የደረሰበት። ‹‹ከየት ወደ የት?›› ተብሎ ሲጠየቅ ሁለቱንም ጫፎች መናገር የማይችል ሰው ይህን ቃል ባይጠቀም ይሻለዋል። የመጀመሪያው አቋም ካልታወቀ ዞረ አይባልም፤ ወዴት ነበር የሚያየው? ሁለተኛው ተቃራኒ ካልሆነም ዘንበል አለ፣ አሻሻለ፣ ለዘብ አለ እንጂ ዞረ አይባልም።

ይህ በጣም ግልጽ የሚሆነው በስፖርት ሜዳ ላይ ነው። ‹‹ተጠንቀቅ!›› ተብሎ ሰልፉ ከቀጥ በኋላ ‹‹ወደ ኋላ ዙር!›› ሲባል ምን ይሆናል? እግር ከቆመበት ቦታ አይርቅም። የሚለወጠው አቅጣጫ ነው። ምሥራቅ ያይ የነበረ ምዕራብ ያያል። አሜሪካኖች ይህንኑ ትእዛዝ ‹‹አባውት ፌስ›› ይሉታል (እዚህ ‹‹ፌስ›› ነው፣ ‹‹ፋስ›› አይደለም)፤ እንግሊዞች ደግሞ ‹‹አባውት ተርን››። ሁለቱም ከሰልፍ ሜዳ ወጥተው ለአቋም መገልበጥ ስም ሆነዋል፤ ከ‹‹ቮልት ፋስ›› ጋር በፍቺ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። የሚለያዩት በወግ ነው። ‹‹ቮልት ፋስ›› የተማረ ሰው የጽሑፍ ቃል ሲሆን ‹‹አባውት ፌስ››ና ‹‹አባውት ተርን›› ግን ሜዳ የዋለ ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው።

ከዚሁ ሜዳ ሳንወጣ አንድ የሒሳብ ነገር እናንሣ። ‹‹እገሌ በ360 ዲግሪ ተለወጠ›› ሲባል በየጊዜው እንሰማለን። ተናጋሪው ለውጡ ትልቅ መሆኑን ለማሳየት ትልቁን ቁጥር መምረጡ ነው። ነገር ግን ሰልፈኛው 360 ዲግሪ ከዞረ የት ያያል? መጀመሪያ ያይ ወደነበረበት! ምንም አልተለወጠም ማለት ነው እኮ። ፍጹም መገልበጥ 180 ዲግሪ ነው፤ ግማሽ ክብ። የሒሳብ መምህርና የእንግሊዝኛ መምህር ተባብረው በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊያስተምሩት የሚችሉት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ታዲያ 360 የሚያሰኝ ነገር የለም ወይ? አለ፤ እኛኑ የሚመለከት። እንደሚታወቀው የአገራችን ትምህርት ቤት አደረጃጀት ቀድሞ ስድስት–ሁለት–አራት ነበር፤ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን ለውጦ ስምንት–ሁለት–ሁለት አደረገው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ደግሞ ወደ ስድስት–ሁለት–አራት መለሰው። በአደረጃጀቱ ብቻ ካየነው የወጣበት ቦታ ተመልሶ ደርሷል፤ ክቡ ገጥሟል። በሌላው ሁሉ ግን አልገጠመም። በ1986 የመጣው በአፍ መፍቻ ቋንቋ የማስተማር ሥርዓት ለምሳሌ አልተመለሰም፤ እንዳለ ቀጥሏል። እንግዲህ ‹‹የትምህርት ፖሊሲው ወደ ድሮው ዞረ›› የሚል ሰው ካጋጠመን ‹‹የቱ ነገሩ?›› ብለን መጠየቅ ይገባናል።

አሁን ወደ አማርኛችን እንምጣ፤ ጉዱ ያለው እዚህ ነውና።

‹‹ቮልት ፋስ››ን ቃል በቃል ብንመልሰው ‹‹ፊት ማዞር›› ይሆናል። ይህ ትርጉም ደግሞ እጅግ ያሳስታል። በአማርኛ ‹‹ፊቱን አዞረብኝ›› ስንል ጠላኝ፣ ነፈገኝ፣ ሰላምታውንም ከለከለኝ ማለታችን ነው። አቋም መለወጡን አንናገርም። ‹‹መንግሥቱ በግብርና ጉዳይ ቮልት ፋስ አደረገ›› የሚለውን ‹‹መንግሥቱ ከግብርና ፊቱን አዞረ›› ብሎ የተረጎመ ተማሪ፣ እያንዳንዱን ቃል በትክክል ተርጉሞ ሐሳቡን ገደል ከተተው። ግብርናን ትቶታል አልተባለም፤ ምናልባትም ቀድሞ ችላ ብሎት ኖሮ አሁን ይዞት ይሆናል!

‹‹መገልበጥ››ስ? ይህ ግሥ በአማርኛችን ቤተሰቡ ሰፊ ነው። መኪና ገደል ሲገባ ተገለበጠ እንላለን። ንጉሥ ከዙፋኑ ሲወርድ መንግሥት ግልበጣ ነው። ተማሪ ከሰሌዳ ሲጽፍ ይገለብጣል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግርጌ ላይ ‹‹ግልባጭ›› የሚል ይሰፍራል፤ ከዚህም የምንረዳው ቅጂው ለነእገሌ መላኩን እንጂ ደብዳቤው ዘቅዝቆ መጻፉን አይደለም። መጽሐፍ ይገላበጣል። ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሰው ሲገላበጥ ያድራል። ልብስ በስተውስጡ ሲለበስ ተገልብጦ ነው የተለበሰው። ይህ ሁሉ አንድ ሥር ነው። እንግዲህ ‹‹ቮልት ፋስ = መገልበጥ›› ብሎ ለተማሪ መስጠት፣ ከነዚህ ሁሉ በሮች በየትኛው እንደሚገባ ሳይነግሩት ‹‹ቤቱ ያ ነው›› ብሎ ማመልከት ነው። ‹‹አቋሙን ገለበጠ›› ካልን ግን በሩ ይታወቃል። ‹‹አቋም›› የምትለዋን ቃል አንጣላት።

የልብሱን ነገር ካነሣን አይቀር፣ እንግሊዞችም ‹‹ተርንኮት›› የሚሉት ቃል አላቸው፤ ኮቱን ገልብጦ የለበሰ እንደማለት። ወገኑን ከድቶ ወደ ባላንጣው የገባ ሰው ነው። በ‹‹ተርንኮት››ና በ‹‹ቮልት ፋስ›› መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ወገን ይለውጣል፤ ሁለተኛው አቋም። ሰው ወገኑን ሳይለቅ አቋሙን ሊገለብጥ ይችላል፤ ስለዚህ ‹‹መካድ›› ብለን ከተረጎምነው ያላጠፋውን ሰው ወንጅለናል።

‹‹ወላዋይ›› እና ‹‹አድር ባይ›› የሚሉትም እዚህ አይገቡም። ወላዋይ ሰው መጀመሪያውኑ የቆመበት የለውምና ምኑን ይገለብጣል? አድር ባይም ነፋሱን እያየ በየቀኑ የሚያጎነብስ ነው። ‹‹ቮልት ፋስ›› ግን የአንድ ጊዜ ነው፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ የነበረ ሰው ቀጥ ብሎ ወደ ሌላው ሲዞር። ‹‹ቃሉን አጠፈ›› የሚለው ደግሞ የገባውን ተስፋ አለመፈጸሙን ነው የሚነግረን፤ ተቃራኒውን ማድረጉን አይነግረንም።

ከሁሉም በላይ ልንጠነቀቅለት የሚገባው ግን ያ የምንወደው ‹‹ተገላቢጦሽ›› ነው። ‹‹የተገላቢጦሽ፣ አህያ ወደ ሊጥ፣ ውሻ ወደ ግጦሽ›› ይባላል በተረታችን። ይህ ተረት አንድ ነገር በደንብ ያሳየናል። አህያዋ አቋሟን አልለወጠችም፤ ውሻውም ሐሳቡን አልቀየረም። ሥፍራቸው ነው የተለዋወጠው። ‹‹ተገላቢጦሽ›› የሁኔታ ስም ነው፤ ነገሮች መሆን ካለባቸው በተቃራኒ ሆነው ሲገኙ። ‹‹ቮልት ፋስ›› ግን አድራጊ ይፈልጋል። ማን አደረገው? ተብሎ ስም መጠራት አለበት። አንዱን በሌላው ቦታ ማስገባት በአማርኛም በእንግሊዝኛም ነገር ያበላሻል።

ሌላው በጣም የሚቀላቀለው ‹‹ሪቨርስ›› ነው። ይህን ቃል ሾፌሮች ሁሉ ያውቁታል፤ የኋላ ማርሽ ነው። መኪና በኋላ ማርሽ ሲሄድ ልብ ብለን እንየው። መብራቱና ግንባሩ ወደ ፊት እንዳየ ነው፤ ወደ ኋላ የሚሄደው ሰውነቱ ነው። በሰልፍ ሜዳ ላይ ያየነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እዚያ ፊቱ ዞሮ እግሩ ቆሟል። እንግዲህ ሁለቱን ለማስተማር ሥዕል አያስፈልግም፤ አንድ ተማሪ አስነሥቶ አንድ ጊዜ በጀርባው ማስኬድ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ባለበት ማዞር በቂ ነው። ሦስተኛውን ዓይነት ከፈለግን መኪናው መንገዱ ላይ ታጥፎ ወደመጣበት ሲመለስ ‹‹ዩ-ተርን›› ይባላል፤ መንገዱ የእንግሊዝኛውን ዩ ስለሚመስል። ለጀማሪ ተማሪ ከፊደል ገበታው መጀመሪያ ያለችውን የእኛን ‹‹ሀ›› ብናሳየው ያው ነው፤ በአንዱ እግሯ ወርዶ በሌላው መውጣት። በዩ-ተርን ፊትም ዞሯል፣ ጉዞም ቀጥሏል።

‹‹ሪቨርስ›› ከመኪና ውጭም ብዙ ሥራ አለው። ፍርድ ቤት ላይ ይግባኝ ሰሚው የሥር ፍርድ ቤቱን ውሳኔ ‹‹ሪቨርስ›› አደረገ ሲባል በአማርኛ ሻረ ነው የሚባለው፤ ገለበጠ አይባልም። ቅደም ተከተል ሲገላበጥም ቃሉ ያው ነው። ለዚህ ከላስታ የተሻለ ምሳሌ የት ይገኛል? ሰው ሁሉ ቤት ሲሠራ መሠረት ይጥላል፣ ግድግዳ ያቆማል፣ ጣሪያ ያለብሳል። የላሊበላን 11 አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉት እጆች ግን ከጣሪያው ጀምረው ወደ መሠረቱ ወረዱ። ቤተ ጊዮርጊስ በ12 ሜትር ገደማ ጥልቀት የቆመው ከላይ ወደ ታች ተወቅሮ ነው። ይህ በእንግሊዝኛ ‹‹ኢን ሪቨርስ›› ነው፤ በቅደም ተከተሉ ተቃራኒ። ‹‹ቮልት ፋስ›› ግን አይደለም፤ ጠራቢዎቹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሐሳብ ይዘው ነው የሠሩት። እንዲያውም ለእነሱ ሐሳብ መለወጥ አይቻልም ነበር። ግንብ ሠሪ ድንጋዩ ካላማረው አንሥቶ ሌላ ይተካል፤ ከአለት ላይ የተቆረጠው ግን ተመልሶ አይጣበቅም። ለዚህ ደግሞ ‹‹ኢሪቨርሲብል›› የሚል ቃል አለ፤ የማይመለስ፣ የማይቀለበስ።

የላስታን ተራራ የሚወጣ መንገድ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ መሄዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። መኪናው ኩርባው ላይ ሲታጠፍ አሁን ግራ ላይ የነበረው ገደል ቀኝ ይሆናል፤ ፊቱም ወደመጣበት ያያል። ግን አልተመለሰም፤ ወደዚያው ወደሚሄድበት እየወጣ ነው። ገበሬም ትልሙ ጫፍ ሲደርስ በሬዎቹን ያዞራል፤ እርሻውን ግን አልተወም። ስለዚህ አቅጣጫ ሁሉ በተለወጠ ቁጥር አቋም ተለወጠ አይባልም። መድረሻው ነው የሚታየው። የፖለቲካ ሰዎች በዚህች ነገር ይጫወቱባታል፤ የተገለበጡትን ‹‹ኩርባ ነው›› ይላሉ፣ ባላንጣቸው ኩርባ ላይ ሲታጠፍ ግን ‹‹ተገለበጠ›› ብለው ይጮኻሉ።

ቃሉ ከፖለቲካ ጋር የተቆራኘ ስለሆነ ከታሪክ ጥቂት እንመልከት። በእንግሊዝ አገር ‹‹ዩ-ተርን››ን የሁሉም ሰው አፍ ላይ ካስገቡት ነገሮች አንዱ የጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሂዝ መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ሥልጣን ሲይዝ የከሰሩ ኩባንያዎችን መንግሥት እየደጎመ አያኖርም፣ ዋጋና ደመወዝም አይቆጣጠርም ብሎ ነበር። በ1971 ሮልስ ሮይስ ሲከስር በመንግሥት እጅ አስገባው፤ በ1972 መጨረሻ ደግሞ የዋጋና የደመወዝ ቁጥጥር አወጀ። ከየት ወደ የት? ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማርጋሬት ታቸር በ1980 በፓርቲያቸው ጉባኤ ላይ እኔ የምዞር አይደለሁም የሚል የታወቀ ንግግራቸውን ያደረጉት የዚያ መታጠፍ ትዝታ ገና ስላልጠፋ ነው።

ከዚያ የሚበልጥ ምሳሌ ግን እዚሁ ደጃችን ላይ አለ። ኢትዮጵያና አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 በተፈራረሙት ስምምነት መሠረት የጦር መሣሪያና የሥልጠና ዕርዳታ ሲመጣ ኖሯል፤ አሜሪካም አሥመራ ላይ የቃኘው ጣቢያ ነበራት። ሶማሊያ ደግሞ የሶቪየት ኅብረት ወዳጅ ነበረች። በሐምሌ 1966 ዓ.ም. የወዳጅነት ውል ተፈራርመዋል፤ የበርበራንም ወደብ የሶቪየት ባሕር ኃይል ይጠቀምበት ነበር። ከዚህ በኋላ የሆነውን በቀኑ እንከታተለው። ሚያዝያ 15 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ቃኘው ጣቢያና ሌሎች የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች እንዲዘጉ አዘዘ። በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። ሶቪየት ኅብረት ለኢትዮጵያ መሣሪያ ታጎርፍ ጀመር። ኅዳር 4 ቀን 1970 ዓ.ም. ሶማሊያ የወዳጅነቱን ውል ሰርዛ የሶቪየት አማካሪዎችን አባረረች። በነሐሴ 1972 ዓ.ም. አሜሪካ በርበራን እንድትጠቀም ከሶማሊያ ጋር ተስማማች። ወደቡ ያው በርበራ ነው፤ መርከቦቹ ተለዋወጡ።

ይህን በአንድ ቃል ግለጽ ቢባል ምን ይባላል? እኛ ከተነጋገርንበት በኋላ የደረስንበት እንዲህ ነው። ጠቅላላው ሁኔታ ‹‹ተገላቢጦሽ›› ነው፤ የአህያዋና የውሻው ዓይነት፤ ለዚህ አማርኛችን ከእንግሊዝኛው የተሻለ ቃል አለው። ‹‹ቮልት ፋስ›› ያደረገው ማነው ከተባለ ግን አራቱን ተዋናዮች አንድ ባንድ ማየት ያሻል። ኢትዮጵያን ብንወስድ ደርግ ኅብረተሰባዊነትን ያወጀው በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ነው፤ ፊቱ ወደ ሞስኮ መዞር ከጀመረ ቆይቷል። በአንድ ሌሊት የዞረ አይደለም። አሜሪካም ቀስ እያለች ነው የደረሰችው። ሶማሊያ ውሉን የሰረዘችው ወዳጇ ጠላቷን ካስታጠቀባት በኋላ ነው፤ መልስ ነው ያሰኛል። ሶቪየት ኅብረት ግን ያስታጠቀችውን ጦር የሚወጋ ሌላ ጦር በወራት ውስጥ አስታጠቀች። ቃሉ በትክክል የሚያርፈው እሷ ላይ ነው ባይ ነን። የማይስማማ አንባቢ ቢኖር ደስታችን ነው፤ ጽፎ ያምጣልን።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚነሣው የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. የታወጀው የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ነው። የግል ባለሀብት እንዲሠራ ተፈቀደ፤ የእህል ኮታ ቀረ፤ ገበሬው ከአምራቾች ማኅበር መውጣት ይችላል ተባለ፤ ብዙዎቹ ማኅበራትም ወዲያው ፈረሱ። ለዓመታት ሲነገር ከኖረው ጋር ሲነጻጸር መገልበጥ ይመስላል። ነገር ግን በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የመንግሥት የሆነው የገጠር መሬት በዚህ ጊዜም የመንግሥት እንደሆነ ቀረ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም አልለወጠውም። ስለዚህ በንግድ ዞሯል፤ በመሬት አልዞረም። ‹‹ፍጹም›› የምትለዋን ቃል እዚህ ላይ ቆጠብ ማድረግ ነው።

የቃሉን ጠባይ በተመለከተ አንድ ነገር ይቀረናል። ‹‹ቮልት ፋስ›› ውስጥ ጥቂት ፌዝ አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ቃሉን ሲያነሣ ‹‹ትናንት እንዲያ ሲል አልነበረም እንዴ!›› የሚል ነገር ከኋላው ይሰማል። ሰው ሐሳቡን የለወጠው ግን ሁልጊዜ ለመወቀስ አይደለም። ትናንት ‹‹ሴት ልጅ ተምራ የት ልትደርስ?›› ብሎ በሽማግሌ ፊት የተከራከረ አባት ዛሬ ልጁን አስከትሎ ለምዝገባ ቢመጣ፣ ያደረገው ነገር በሚዛኑ ቢታይ 180 ዲግሪ ነው። ነገር ግን በእንግሊዝኛ ‹‹ቮልት ፋስ›› ብንለው የተቀለደበት ይመስላል። ለእሱ ‹‹ቼንጅ ኦፍ ኸርት›› የሚለው ይሻላል፤ በእኛው አነጋገር ልቡ ተመለሰ። ይህን አባት ክፍል ውስጥ ምሳሌ አድርጎ የሚያነሣ መምህር ቃሉን ሲመርጥ ያስብ፤ ከተማሪዎቹ መካከል የዚያ ሰው ልጅ ተቀምጣ ይሆናል።

ስለ ሰዋስው በአጭሩ፦ ‹‹ቮልት ፋስ›› ስም ነው እንጂ ግሥ አይደለም። ስለዚህ ‹‹አደረገ›› የሚል ግሥ ይሻል፤ ‹‹ሜድ ኤ ቮልት ፋስ›› ወይም ‹‹ዲድ ኤ ቮልት ፋስ›› ይባላል። የተገለበጠበትን ጉዳይ ለመጥቀስ ‹‹ኦን›› የምትለዋን መስተዋድድ እናስከትላለን። ‹‹ዩ-ተርን›› ግን እንደ ስምም እንደ ግሥም ያገለግላል፤ በመንገድም በፖለቲካም። ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ የምንመርጠው ‹‹ዩ-ተርን››ን ነው። ‹‹ቮልት ፋስ›› ይቆየው፤ ለራሳችን ንባብ ግን ያስፈልገናል።

ለመለማመጃ ያህል ሦስት ነገሮችን እንተውላችሁ። አንድ ነጋዴ በ10 ብር ሲሸጠው የነበረውን ዕቃ 20 ብር አስገባው። አንድ አሠልጣኝ ‹‹ይህን ተጫዋች ፈጽሞ አላሰልፍም›› ብሎ በጉባኤ ከተናገረ በኋላ በሳምንቱ አምበል አደረገው። አንድ መንገደኛ ከኩልመስክ ላሊበላ ሄዶ በሄደበት መንገድ ተመለሰ። ‹‹ቮልት ፋስ›› የሚባለው የትኛው ነው? የቀሩትስ ምን ይባላሉ? መልሳችሁን ከነምክንያቱ ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍሉ አድርሱልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።